እጅ ከፍንጅ

ሱብሒ ሳይጠራ፣ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል፤
አንጓዬን በየተራ ደጅ ደጁን ያንኳኳል፣
እንደ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ፣
መኖሬን እያወቀ፣ ዝም ብል እንደማያልፍ።
አውሮፕላኑ ከሙሐረቅ ሜዳ ተነስቶ ሲከንፍ
የክፍሌ መስኮት ይርገበገባል፤
ጣቴ ግን አይታጠፍ፣ ጣቴ ግን አይዘረጋ፣
ያበጠ ጓንት አልብሶት እንዳደረ ሌላ ሰው፣ እስኪነጋ።

ትናንት ደህና ነበርሁ።
ስድስት ምንጣፍ ሰገነት ላይ አርግፌ፣
የልጆቹን ሸሚዝ ተኩሼ አጥፌ፣
"ለቀቀኝ" ብዬ ነበር። እንዲህ ነው የሚያታልል፤
ሦስት ሳምንት ምሮ በአራተኛው ሊጥል።

ሐኪሙ፣ ያ ድምፁ ዝግ ያለ ሕንዳዊ፣
በተሰባበረው ዐረብኛዬ ላይ ምልክት ጨምሮ፦
"ጠላት ከውጭ አልመጣም፤ የገዛ ዘብሽ ነው፣
ሌባ መስሎት ቤተኛን የሚደበድበው።"
ሳቅሁ። ምን ላድርግ?
እኔም በሰው ቤት በር ዘግቼ፣ መብራት የማጠፋ፤
የራሴ ዘብ በራሴ ላይ እንዲህ ከከፋ
ለየትኛው ጣቢያ ይከሰሳል?

ኪኒኑ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ማታ ይዋጣል፤
ዓርቡ ማቅለሽለሽ ነው፤
ዓርብ ደግሞ እንግዳ ይመጣል።

ለማዳም አልነገርሁም።
ቁርጥማቱን እችላለሁ፤
የምፈራው የሚቆረጥልኝን ቲኬት ነው።
ስለዚህ ክዳን በጥርስ፣ በር በክርን፣
ባልዲ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፤
ቁልፉ እንቢ ሲለኝ "ይሄ በር ተበላሽ" ብዬ
በሩን አማሁት።

እናቴ ከሐርቡ ስትደውል ስልኩን በትከሻዬ ይዣለሁ።
"ደህና ነሽ ወይ ሉባባ?"
"ደህና።"
"የላክሽው ደረሰ። ተባረኪ ልጄ፣
እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።"
እጄን አየሁት።
አሚን አልሁ፤ እንዲያ ከልቤ ያልሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ ግን ብርጭቆው።
የማዳም እናት፣ ዩማ ለጢፋ፣
መድኃኒት መዋጫ ውኃ ፈልጋ በጨለማ ጠርታኝ፣
በሁለት መዳፌ እንደ ጫጩት አቅፌ ሳመጣላት
ወደቀ።
ድምፁ እስከ ላይኛው ፎቅ ወጣ።
አሮጊቷ ስባሪውን አላየችም፤ ያየችው አያያዜን ነው።
ብርጭቆ በሁለት መዳፍ የሚይዝ ማን እንደሆነ ታውቃለች፤
የሷም ጣቶች ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ጎን ሄደዋል፣
የባሕር ነፋስ ሲገፋው እንደኖረ ዛፍ።

እጅ ከፍንጅ ተያዝሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"
"ሁለት ዓመት።"
"ምንጣፉንስ?"
ዝም።
ማዳም ከደረጃው አናት "ምንድን ነው የተሰበረው?" ስትል
አሮጊቷ ድምፅዋን አነሳች፦
"እኔ ነኝ። እጄ ከዳኝ።"
"እጄ" ስትል የማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሳፋ አምጪ አለችኝ፣ ሙቅ ውኃ።
አራት እጅ በአንድ ሳፋ ነከርን፤
ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካ።
አባቷ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤
ገመድ ሲስብ ኖሮ ጣቱ እንደታጠፈ ተቀበረ።
"ያኔ ባሕሩ ነው ይሉ ነበር፣" አለች፣
"አሁን ረጅም ስም አወጡለት።"
ሌላ ብዙ አልተነጋገርንም።
ውኃው ሊቀዘቅዝ ሲል ትንሿ ጣቴ
ፈቀደች፤ ጥቂት፣ የሩዝ ፍሬ ታህል።

ነገ እሷ የቤቱ እናት፣ እኔ ሠራተኛዋ ነን፤
ይህን ሁለታችንም አልዘነጋንም።
ምንጣፉም ሰገነት ላይ አለ።

ሱብሒ ሲጠራ ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት።
"እጅሽን ስጪኝ" አለች።
ለዚህ ሕመም እጅ አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር፤
ለሷ ሰጠሁ።
ተያያዝን፣ ሳብሁ፣
ሁለታችንም "ዋይ!" አልን፣
በየቋንቋችን።